ምዕራፍ 7፦ ማለቂያ የሌለው ሰኞ

አውትሉክ በተባለው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም ላይ አጭር ኮድ ጽፎ «እዚህ ካላንደር ውስጥ ስንት ቀጠሮ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አንዳንዴ 2,147,483,647 የሚል መልስ ያገኛል። ከሁለት ቢሊዮን በላይ ቀጠሮ ማለት ነው። የካላንደሩ ባለቤት ግን በሳምንት ሦስት አራት ስብሰባ የሚገባ ተራ የቢሮ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ምልክት ባለው የ32 ቢት ሙሉ ቁጥር ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ነው። ፕሮግራሙ ተደጋጋሚ ቀጠሮዎችን አንድ በአንድ ዘርዝሮ እንዲቆጥር ታዟል፤ ከእነሱ አንዱ «በየሰኞው» ይላል፣ መቼ እንደሚያበቃ ግን አይናገርም። ሰኞ ደግሞ አያልቅም። ስለዚህ ኮዱ መቁጠሩን ትቶ የሚያውቀውን የመጨረሻ ቁጥር አስረከበ።

የወረቀት አጀንዳ የለመደ ሰው በዚህ ግራ ይጋባል። በወረቀት ላይ የሰኞ ስብሰባ ማለት በዓመት 52 ገጽ ላይ 52 ጊዜ የተጻፈ ነገር ነው፤ መፈለግም ገጹን መግለጥ ነው። የኮምፒዩተር ካላንደር የሚይዘው ግን አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም «ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ በየሳምንቱ፣ ሰኞ፣ በዚህ ሰዓት» የሚል ደንብ ነው። የመጪው ሐምሌ ሦስተኛ ሰኞ ስብሰባ የትም ተጽፎ አይገኝም፤ ጠያቂ ሲመጣ ያኔ ተሰልቶ ይወጣል። በኮድ ቀጠሮ መፈለግ እንግዲህ የስሌት ሥራ ነው። ይህን ሳይረዳ የሚጻፍ ፕሮግራም ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሠራል፤ ጉዱ የሚወጣው አንድ ስብሰባ የተሰረዘ፣ አገር ሰዓቱን የቀየረ ወይም ጳጉሜን የገባ ዕለት ነው።

ደንቡን ለመጻፍ ዓለም የተስማማበት ቋንቋ አለ። መነሻው አፕል፣ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ አይቢኤምና ሲመንስ ቨርሲት በሚል ኅብረት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጡት ቪካላንደር ነበር። በኖቬምበር 1998 የሎተሱ ፍራንክ ዳውሰንና የማይክሮሶፍቱ ዴሪክ ስቴነርሰን ያዘጋጁት አይካላንደር፣ አርኤፍሲ በሚባሉት የኢንተርኔት ደንብ ሰነዶች ውስጥ 2445 የሚል ቁጥር ይዞ ወጣ፤ በ2009 አርኤፍሲ 5545 ተተካበት። ከስብሰባ ጥሪ ኢሜይል ጋር ተያይዞ የሚመጣው፣ ስሙ በ«አይሲኤስ» የሚያልቀው ፋይል የተጻፈው በዚህ ቋንቋ ነው። ፋይሉን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቱት ይነበባል፤ ርዕስ፣ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ቦታ፣ መለያ ቁጥርና የድግግሞሽ ደንብ እያንዳንዳቸው በየመስመራቸው ተቀምጠዋል። ጉግል፣ አፕልና ማይክሮሶፍት በብዙ ነገር ባይስማሙም እዚህ ፋይል ላይ ይገናኛሉ።

ደንቡ ማለቂያ ከሌለው ጥያቄው ማለቂያ ይኑረው ግድ ነው። ለዚህ ነው ማንኛውም የካላንደር ፍለጋ መስኮት የሚፈልገው፤ ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን ያለውን አምጣ ይባላል። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር በድር አገልግሎቱ በኩል ለሚመጣ የካላንደር እይታ ጥያቄ ከሁለት ዓመት የሚሰፋ መስኮት አይቀበልም። ኢቨንትኪት የተባለው የአፕል ላይብረሪ አራት ዓመት ላይ ይቆርጣል። ጉግል ለፕሮግራመሮች የከፈተው በር፣ ኤፒአይ የሚባለው፣ ደግሞ ተደጋጋሚዎቹ በየቀናቸው ተዘርዝረው ይምጡ ካላላችሁት፣ ደንቡን የያዘውን እናት መዝገብ ብቻ ይሰጣችኋል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የተጀመረ የሰኞ ስብሰባ እናት መዝገብ የመጀመሪያውን ሰኞ ቀን ይዞ ይመጣል፤ ኮዱም ቀኑን አይቶ «ያለፈ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ተጠቃሚው ሰኞ ጠዋት ስልኩን ሲያይ ምንም ቀጠሮ የለበትም።

አውትሉክ የራሱ አመል አለው። ቀጠሮዎቹን አስቀድማችሁ በመጀመሪያ ሰዓታቸው ካልደረደራችሁለት፣ ተደጋጋሚዎቹን ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ በትክክል አይፈጽምም። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ደግሞ ተሳስታችኋል አይልም፤ ዝም ብሎ የተዛባ ዝርዝር ያቀብላል። እኔ እንዲህ ካለው ፕሮግራም ይልቅ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

መስኮቱ ራሱ ወጥመድ አለበት። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ምን ሥራ አለብኝ?» ለሚለው ጥያቄ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጽፈው ኮድ፣ መጀመሪያ ሰዓታቸው በ3 እና በ6 መካከል የሚውሉትን የሚለቅም ነው። ከ2፡30 እስከ 4፡00 የሚቆየው ስብሰባ አመለጠው። ሰኞ ተጀምሮ ዓርብ የሚያበቃው ሥልጠናም አመለጠው። ትክክለኛው መመዘኛ ሁለት ንጽጽር ብቻ ነው፦ ቀጠሮው መስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ይጀምራል ወይ? መስኮቱ ከተከፈተ በኋላስ ያበቃል ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆኑ ይመለከተዋል። ልክ 3 ሰዓት ላይ የሚያበቃ ቀጠሮ አይገባም፤ አለበለዚያ ተከታትለው የተያዙ ሁለት ቀጠሮዎች ሁልጊዜ እንደተጋጩ ይቆጠራሉ። የጉግል ኤፒአይ በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፤ የመስኮቱን መክፈቻ ከቀጠሮው ማብቂያ ጋር፣ መዝጊያውን ከቀጠሮው መጀመሪያ ጋር ያስተያያል። ሰነዱን በጥድፊያ ያነበበ ሰው የጽሑፍ ስህተት ሊመስለው ይችላል። አይደለም።

አሁን ሰው ጣልቃ ይግባ። የሰኞውን ስብሰባ ለአንድ ሳምንት ብቻ ሰርዘነው ይሆናል፤ ወይም የአንዱን ሳምንት ወደ ሐሙስ አዛውረነው ይሆናል፤ ወይም «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከ3 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ተዛውሯል» ተብሎ ይሆናል። ለተጠቃሚው ሦስቱም ማስተካከያ ይባላሉ፤ ለኮዱ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስረዛው ቀላል ነው፤ እናት መዝገቡ ላይ «ከዚህ ቀን በቀር» የሚል መስመር ይጨመራል። ያም ሆኖ በቀር የተባለው ጊዜ ደንቡ ከሚያወጣው ጊዜ ጋር እስከ ሰከንዱ መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ የተሰረዘው ስብሰባ ተመልሶ ይመጣል። ማዛወሩ ከዚህ ይከብዳል። አዲስ መዝገብ ይጻፋል፤ የእናቱን መለያ ይይዛል፣ የሚተካውንም ቀን ይጠቅሳል። የሚጠቅሰው የተዛወረበትን ሐሙስ ሳይሆን የተነሳበትን ሰኞ ነው። ስለዚህ ሐሙስን የሚፈትሽ ኮድ ደንቡን ብቻ ካሰላ ሐሙስ ባዶ ነው ይላል፤ ሰኞንም ፈትሾ ተካዩን መዝገብ ካላየ ስብሰባ አለ ይላል። ሁለቱም ውሸት ነው።

ሦስተኛው፣ ከዚህ ጀምሮ ያለውን ሁሉ መቀየር፣ ሲታይ ትንሽ ነው፤ በተግባር ግን ቀዶ ጥገና ነው። ጉግል ለፕሮግራመሮች የሚሰጠው መመሪያ ተከታታዩን ለሁለት ቁረጡት ይላል፤ የቀድሞው ደንብ ማብቂያ ይበጅለታል፣ አዲሱ በአዲስ መለያ ይጀምራል። ከተቆረጠበት ቀን በኋላ የነበሩ ስረዛዎችና ዝውውሮች ወደ አዲሱ ካልተወሰዱ ይጠፋሉ። የቢሮ ስብሰባ ሰዓት ተቀይሮ «ያልመጣሁት የሰረዝነው መስሎኝ ነው» የሚል ሰው ከበዛ ምክንያቱን እዚህ አካባቢ መፈለግ ይጠቅማል።

መለያ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ልቆይ። አይካላንደር እያንዳንዱ ቀጠሮ በዓለም ላይ የማይደገም መለያ እንዲኖረው ያዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ርዕስና ሰዓት የቀጠሮ መታወቂያ ሆነው አያገለግሉም። «ስብሰባ» የሚል ርዕስ ያለው የ3 ሰዓት ቀጠሮ በአንድ ካላንደር ውስጥ አሥር ሊሆን ይችላል። በርዕስ ፈልጎ የሚሰርዝ ኮድ አንድ ቀን የማይገባውን ይሰርዛል። ከመለያው ጎን ተራ ቁጥርም አለ፤ ጠሪው ሰዓት ወይም ቀን በቀየረ ቁጥር ከፍ ይላል። ኢሜይሎች ተዘበራርቀው ሲደርሱ የተቀባዩ ፕሮግራም የትኛው ጥሪ የኋለኛው እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው።

ሁለት ሰዎች አንድ ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ሲያርሙስ? ካልዳቭ የተባለው፣ በ2007 አርኤፍሲ 4791 ሆኖ የወጣው ስምምነት ለዚህ መላ አለው። ሰርቨሩ ከመዝገቡ ጋር የእትም ማኅተም ይሰጣል፤ ኮዱ ሲመልስ «ማኅተሙ ካልተቀየረ ብቻ አስቀምጥ» ይላል። በመካከል ሌላ ሰው ነክቶት ከሆነ ሰርቨሩ እምቢ ይላል፣ ኮዱም አዲሱን አንብቦ እንደገና ይሞክራል። ማኅተሙን የማይጠቀም ፕሮግራም የመጨረሻው ጸሐፊ የፊተኛውን ሥራ እንዲደመስስ ይፈቅዳል። የጉግል ኤፒአይ ደግሞ ካላንደሩን በየደቂቃው ከመጀመሪያው ላለማንበብ ምልክት ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱን ይዛችሁ ስትመጡ የተለወጠውን ብቻ ትወስዳላችሁ፣ የተሰረዙትም ተሰርዘዋል ተብለው ይነገሯችኋል። ምልክቱ ጊዜው ካለፈ 410 የሚል መልስ ይመጣል፤ ትርጉሙ ያላችሁን ጥላችሁ ከባዶ ጀምሩ ነው። ይህን መልስ እንደ ተራ ብልሽት ቆጥሮ ዝም ብሎ ደግሞ ደጋግሞ የሚጠይቅ ኮድ ለዘላለም ሲጠይቅ ይኖራል።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ፤ ነገሩ የሚጠነክረው እዚህ ነው። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ያሉ ባልደረቦች በየማክሰኞው በዋሽንግተን አቆጣጠር ከጥዋቱ 9 ሰዓት ይገናኛሉ እንበል። በእነሱ ክረምት ይህ ለአዲስ አበባው ሰው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። በማርች ሁለተኛ እሑድ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ስትገፋ ደግሞ 10 ሰዓት ይሆንበታል። የአዲስ አበባ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ዩቲሲ ከተባለው የዓለም መነሻ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ አይነቃነቅም። ሪያድም እንደዚያው ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች፤ እስራኤል በበጋዋ ከእኛ ጋር እኩል ሆና በክረምቷ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። «ሁሉንም በዩቲሲ አስቀምጥ» የሚለው የፕሮግራመሮች የተለመደ ምክር ላለፈ ነገር ጥሩ ነው፤ ለወደፊት ተደጋጋሚ ቀጠሮ ግን ያሳስታል። ዋሽንግተን የተቀጠረውን 14፡00 ዩቲሲ ብሎ ያስቀመጠ ኮድ፣ ማርች ላይ ዋሽንግተኖቹን በ10 ሰዓት ይጠራቸዋል። መቀመጥ ያለበት ሰዎቹ የተስማሙበት ነው፦ «ማክሰኞ 9 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ሰዓት»። ዩቲሲው ሲጠየቅ ይሰላል።

ቦታው በስም የሚጻፍበትም ምክንያት አለ። መንግሥታት ሰዓት ይቀይራሉ። አሜሪካ በ2005 ባወጣችው የኃይል ፖሊሲ ሕግ መሠረት በ2007 የበጋው ሰዓት ከኤፕሪል መጀመሪያ ወደ ማርች ሁለተኛ እሑድ፣ ማብቂያውም ከኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኖቬምበር መጀመሪያ ተገፋ። በዚያ ዓመት በአዲሶቹ አራት ሳምንታት ውስጥ፣ ሕጉ ሳይተገበር አስቀድመው የተያዙ ብዙ ቀጠሮዎች በአንድ ሰዓት ተዛብተው ታዩ፤ ማይክሮሶፍትም የአውትሉክ ቀጠሮዎችን የሚያቃና የተለየ መሣሪያ አወጣ። አርተር ዴቪድ ኦልሰን የጀመረው የሰዓት ቀጠናዎች ዳታቤዝ እንዲህ ያለውን ለውጥ በየከተማው ስም ይመዘግባል። ዛሬ ከስልክ እስከ ሰርቨር የሚጠቀመው እሱን ነው። የእኛው መዝገብ በአዲስ አበባ ስም አለ፤ ሰዓቱን ግን ከናይሮቢ መዝገብ ይዋሳል።

ቀኑን ሙሉ የሚይዝ ቀጠሮ ግን ቀጠና ሊኖረው አይገባም። እንቁጣጣሽን «ሴፕቴምበር 11፣ እኩለ ሌሊት፣ በአዲስ አበባ» ብሎ ያስቀመጠ ፕሮግራም ለዋሽንግተኑ ተጠቃሚ በዓሉን ሴፕቴምበር 10 ከሰዓት በኋላ ያስጀምርለታል። አይካላንደር ለዚህ ሰዓት የሌለው፣ ቀን ብቻ የሆነ አጻጻፍ አለው። ማብቂያውም በዓሉ ከዋለበት ማግስት ተደርጎ ነው የሚጻፈው፤ የመስከረም 1 በዓል ማብቂያ መስከረም 2 ነው። ይህን ያልጠበቀ ኮድ የአንድ ቀን በዓልን ሁለት ቀን ያውለዋል።

የእኛ ሰዓት አቆጣጠር በስድስት ሰዓት መለየቱ ራሱ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ስትቀበሉና ስታሳዩ ስድስት ደምሩ ወይም ቀንሱ፣ ውስጥ ያለውን አትንኩ። የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ቀናችን ከንጋት ይጀምራል፤ የኮምፒዩተሩ ቀን ከእኩለ ሌሊት። «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ብሎ ለሚጽፍ ተጠቃሚ ኮዱ ሰኞን ይይዝና በእሑዱ ሌሊት ይቀጥረዋል። በረራ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ተሳሳተ ማለት ነው። ፕሮግራሙ መልሶ «ለማክሰኞ አጥቢያ ማለትዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ያልቃል። ይህን የሚጠይቅ አፕ መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

የወር ድግግሞሽ ላይ ግን ብልሃት ብቻ አይበቃም። በየወሩ በ12 የሚካኤል ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ካላንደራቸው ላይ ሊያስገቡት ፈለጉ። መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 22 ቀን 2025 ነው፤ ስለዚህ «በየወሩ 22» አሉ። በጥቅምት ሠራ። በኅዳር ሚካኤል ዕለት አልጮኸም፤ የጮኸው ኅዳር 13 ቀን ነው። ነሐሴ ላይ ኦገስት 22 ሲል ነሐሴ 16 ሆኖ ኪዳነ ምሕረት ላይ ደረሰ። ትንሽ የተራቀቀ ሰው «ወራችን 30 ቀን ነው፣ በየ30 ቀኑ ይደገም» ይላል። እስከ ነሐሴ ድረስ እንከን የለውም። ከዚያ ጳጉሜን ትመጣለች፤ በ2019 ዓ.ም. ማኅበሩ መስከረም 7 ላይ ይጠራል፣ ዓመቱንም ሙሉ በየወሩ በ7 ይቀጥላል። 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ በ2020 ወደ 1 ይወርዳል፤ የሚካኤል ማኅበር ልደታ ላይ ተገኘ።

ለዚህ መፍትሔ ተጽፏል። በሜይ 2015 የወጣው አርኤፍሲ 7529 በአይካላንደር ደንብ ላይ «የምቆጥረው በዚህ አቆጣጠር ነው» የሚል መስመር እንዲጨመር ፈቀደ። ከምሳሌዎቹ አንዱ የእኛ ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 13ኛው ወር በየዓመቱ ሲገባ የሚደገም ቀጠሮ፣ መነሻውም ሴፕቴምበር 6 ቀን 2013፣ ማለትም ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም.። በዚህ አጻጻፍ የማኅበሩ ደንብ አንድ መስመር ነው። ችግሩ ደንቡን የሚረዱ ካላንደሮች ጥቂት መሆናቸው ነው፤ በካልዳቭ በኩል ሰርቨሩን የትኞቹን አቆጣጠሮች ታውቃለህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፣ ሳይጠይቁ መላክ ግን ቁማር ነው። ካልቻለ ቀኖቹን አይሲዩ በሚባለው ላይብረሪ አስልቶ ለተወሰኑ ዓመታት አንድ በአንድ መዘርዘር ይሻላል። አያምርም፤ ይሠራል።

ትክክለኛው አቆጣጠር መመረጡም ሁሉን አይፈታም። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ቋሚ ስለሆነ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ በፈረንጆቹ ግን ጃንዋሪ 19 ሆኖ በየአራት ዓመቱ 20 ይሆናል፣ በ2024 እንደሆነው። ገና የዚህ ተቃራኒ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ላይ ይከበራል፣ በ2016 ዓ.ም. እንደተከበረው። በሁለቱም ጊዜ ፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 ይላሉ። ስለዚህ ለጥምቀት የኢትዮጵያን ደንብ፣ ለገና የፈረንጁን ደንብ የሚጠቀም ኮድ ልክ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ አቆጣጠር የሚያስገባ ኮድ አንዱን ያበላሻል። ፋሲካ ከሁሉም ይከፋል። በአበቅቴና በመጥቅዕ የሚሰላው ቀን በየሳምንቱ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚል ቋንቋ አይገለጽም፤ የባሕረ ሐሳቡ ስሌት በኮድ ተጽፎ ውጤቱ ቀን በቀን ወደ ካላንደሩ መግባት አለበት። ዐቢይ ጾም፣ ሆሳዕና፣ ስቅለት፣ ዕርገትና ጰራቅሊጦስ ሁሉ ፋሲካን ተከትለው ስለሚንቀሳቀሱ ከእሱ በቀን ርቀት ይሰላሉ።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚሆን ካላንደር የምትሠሩ ፕሮግራመሮች አንድ ፈተና ኮዳችሁ ውስጥ አስገቡ። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይውላል፤ 2020 ዓ.ም. የሚገባው በማግስቱ እሑድ ነው። በየወሩ በ12 የሚደገም ቀጠሮ ፍጠሩና መስከረም 2020ን ፈልጉበት። ሐሙስ ሴፕቴምበር 23 ካልመጣላችሁ ፕሮግራማችሁ ለገበያ አልደረሰም።